የኳስ ንክሻ

ከደላዌር ወንዝ ዳር ጉሙ ሳይገለጥ፣
ፋኖሴን አንግቤ ሐዲዱን ስረግጥ፣
ክሌይሞንት ተኝታለች፤ ፋብሪካው ብቻውን
ያስላል፣ ይተፋል የሌሊት ጥላቱን።

እኔ ሉሺየስ ነኝ፣ የሐዲድ ጠባቂ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ምስማር አጥባቂ።
ዘንድሮ ግን ሥራው መልኩ ተለወጠ፣
የእንጨት አጋዳሚ ወጥቶ፣ ብረት ተቀመጠ።
በየብረቱ ጫፍ ላይ አንዲት ኳስ አለች፣
ከሽምብራ የማትበልጥ፣ ሰሌዳ ላይ ያረፈች።
ባቡር ሲያልፍ ሐዲዱ ወደ ጎን ይገፋል፣
ኳሷም ትነክሳለች፤ ሰሌዳው ይጎደጉዳል።

የኔ ድርሻ ይኸው፦ ሰሌዳ መለወጥ፣
የተነከሰውን በቁጥር ማስቀመጥ።

መጣ።

ጭስ የለው፣ ረመጥ የለው፣ የእሳት ሽታ የለው፤
ከላዩ የተዘረጋው ሽቦ ነው የሚያቃስተው።
እኛ የለመድነው የሚያጓራውን ነው፣
ከሁለት ማይል ርቆ «መጣሁ» የሚለውን ነው፤
ይህ ግን ዝም ብሎ መጥቶ ዝም ብሎ ያልፋል፣
ከኋላው ነፋሱ ባርኔጣ ይገፋል።
«በሰዓት መቶ ማይል!» አለ ኢንጂነር ሃስኬት፣
ሰዓቱን መልሶ ከተታት ከጃኬት።

መሮጡንስ ይሮጣል፤ መሮጡን ማን ካደ?
ወገቡ ነው እንጂ ግራ ቀኝ የሄደ፤
እንደ ሰካራም ሰው ሐዲዱን ሲማታ
ሰሌዳው ይናገራል፣ የማታ የማታ።

ሚስ ቬርና ቲልግማን፣ ከጎጆው መስኮት ሥር፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ አጉሊ መነጽር
ላይ አጎንብሳለች። ንክሻ በንክሻ
ትለካለች። ሻይዋ ቀዝቅዟል እስከ መጨረሻ።

«ቢቨንስ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ቀና ሳትል፣
«መቶ አሥራ አራት ቁጥር ለምን ይሆን እንዲህ የሚቆስል?
ጎረቤቶቹ ደኅና ናቸው።»
«እዚያ ሥር ምንጭ አለ፤ አፈሩ ውሃ ጠጥቷል፤
ስቆምበት ይሰምጣል፣ ቁርጭምጭሚቴ ያውቀዋል።
ባቡሩም እንደኔው እዚያ ሲደርስ ያነክሳል።»
የሳቀች መሰለኝ፤ ግን ከዳር በእርሳስ ጻፈች፣
«ሠራተኛው እንዳለው» — ስሜን አልጨመረች።

ሁለተኛው ሞተር በጥር ብርድ መጣ፣
ከመሃል ተቆርጦ ማጠፊያ ያወጣ።
የፊተኛው ግትር ነበር፤ ባንድ አጥንት የቆመ፣
ኩርባ በመጣ ቁጥር ሐዲድ ያሳመመ።
ይኼኛው ግን ፊቱ ሲዞር ኋላው ይከተላል፣
እንደ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ይውላል።
«ጎንበስ ማለት ያውቃል» ብሎ ሃስኬት አደነቀ።
እኔ ዝም አልሁ።
ማጎንበስ አንድ ነው፤ መተጣጠፍ ሌላ፤
ይህን ወገቤ ያውቃል፣ ከባርኔጣ ኋላ
ዕቃ ሲሸከም የኖረው።

ያን ሌሊት ሽቦው ላይ ሰማያዊ ብልጭታ፣
በረዶው እንደ ዱቄት ከሜዳው ሲፈታ፣
አለፈ።

ጆሮዬን ጣልሁበት፤ ሐዲዱ አልጮኸም፤
እግሬን ጣልሁበት፤ ቁርጭምጭሚቴ አልሰጠመም።
ሰሌዳውን ፈታሁ፤ ጣቴ ከብረቱ ተጣበቀ፣
ቆዳዬን ትቼለት መጣሁ።

ሁለቴ ለካችው፤ ሦስተኛም አከለች፤
ከመነጽሩ ተነሥታ ዓይኗን አሸች።
«በጥፍር የጫሩት ያህል ነው» አለች።
«መቶ አሥራ አራት እንኳ?»
«መቶ አሥራ አራት እንኳ።»

ዘገባው ታተመ፤ ፊርማው የሃስኬት ነው፤
ፎቶው ላይ የቆሙት ባርኔጣ ያላቸው።
እሷም የለችበት፣ እኔም የለሁበት፤
ምንጩም አልተነሣ፤ ለሞተሩ ግን ስም ወጣለት።

አንዷን ሰሌዳ ግን፣ የግትሩን ንክሻ፣
ሰረቅኋት ልበል? ወሰድኋት፣ በሥራው መጨረሻ።
ከመስኮቴ ደፍ ላይ ተቀምጣለች።
ዝናብ ያደረ ዕለት
አንዲት ጠብታ ትይዛለች፤ ሁለት አይበቃትም።
የማለዳው ፈጣን ባቡር ከታች ሲያልፍ
ጠብታዋ ትንቀጠቀጣለች፣
ትንሽ፣
አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም፤
እኔ ግን ጎንበስ ብዬ አያለሁ፣
እስክትረጋ።